የድሮ ፍሬም ሲገዙ ከመልኩ በፊት ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ

ጥያቄ፦ «ጥቁር ወፍራም የድሮ ፍሬም በኢንተርኔት ገዛሁ። ሻጩ የ1950ዎቹ ነው፣ መጋዘን ውስጥ የኖረ ነው፣ አንድም ሰው አላደረገውም ብሎኛል። ሲደርሰኝ ግን ክንዶቹ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር አለ። ማጠፊያው ዙሪያ አረንጓዴ ቆሻሻ ይዟል። ትንሽም ይጠበኛል። ጓደኛዬ ‘በአሴቶን ጥረገው፣ ያበራል፤ ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረህ አስፋው’ አለኝ። የመነጽር ቁጥሬ በሁለቱም ዓይን −5 ነው። ሌንስ ላስገባበት እችላለሁ? ሌላም ያገለገለ ፍሬም ለመግዛት አስቤአለሁ። ምን ምን አይቼ ልግዛ?»

አሴቶኑን መልሰው ያስቀምጡት። የፈላውን ውሃም ይድፉት። ጓደኛዎ ቅን ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክራቸው ግን ፍሬሙን በአንድ ከሰዓት ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

አሴቶን፣ ያው የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ፈሳሽ፣ እንዲህ ያለውን ፍሬም አያጸዳም፤ ያሟሟዋል። ወፍራም የፕላስቲክ ፍሬሞች አብዛኞቹ አሴቴት ናቸው፤ ከድሮዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ናቸው። ሁለቱም አሴቶን ሲነካቸው ይቀልጣሉ። ሲጠርጉት የሚያበራውም ላዩ ቀልጦ ስለሚለሰልስ ነው። ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ክንዱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ይጠፋል። እኛ በሥራ ቤት አሴቶን የምናወጣው የተሰበረ አሴቴት ለማጣበቅ ነው።

የፈላ ውሃም ችግር አለው። አሴቴት ከ100 ዲግሪ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ይለሰልሳል። ስለዚህ ክንዱን ለማስፋት ብለው ሲነክሩት ሌላውም ሁሉ አብሮ ይጣመማል። ላዩም ውሃ ጠጥቶ ይነጣል። ባለሙያ ፍሬም የሚያስተካክለው በሙቅ ደረቅ አየር ነው፤ የሚያሞቀውም የሚታጠፈውን ቦታ ብቻ ነው። ለዚያውም ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ካወቀ በኋላ።

የእርስዎ ጥያቄም መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ፍሬሙ ከምን ተሠራ?

የ1950ዎቹ ነው የሚባል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወፍራም ጥቁር ፍሬም ወይ አሴቴት ነው፣ ወይ ሴሉሎይድ። በዓይን ሲያዩዋቸው ልዩነታቸው ያስቸግራል። በባሕርይ ግን አይገናኙም። ሴሉሎይድ የሚሠራው ከናይትሮሴሉሎስና ከካምፎር ነው። ጠንካራ ነው፣ ሲወለወል ውበቱ ሌላ ነው፤ ዛሬም በእጅ የሚሠሩበት ጃፓናውያን አሉ። ግን እሳት ይወዳል። የጥንት የሲኒማ ጥቅልሎች በየማሳያ ቤቱ እሳት ያስነሱ የነበሩት በዚሁ በናይትሮሴሉሎስ ምክንያት ነው። ምን እንደሆነ ያልታወቀን ፍሬም ማሞቅ የማይገባው ለዚህ ነው።

ለመለየት ክንዱን በአውራ ጣትዎ ወይም በደረቅ ጨርቅ እስኪሞቅ ድረስ ቶሎ ቶሎ ይሹት። ወዲያው ያሽትቱት። እንደ ቪክስ ቅባት ያለ የካምፎር ሽታ ከመጣ ሴሉሎይድ ነው። አቼቶ አቼቶ ካለ አሴቴት ነው፣ ያውም መበስበስ የጀመረ አሴቴት። ምንም ካልሸተተ አሴቴት ሳይሆን አይቀርም። እርግጠኛ ግን አይሁኑ፤ ሴሉሎይድም ሲያረጅ ካምፎሩ እየተነነ ይሄዳል። «መርፌ አግለህ ወጋ አድርገውና አሽት» የሚል ምክር ከሰሙ በጭራሽ አይሞክሩት። ሴሉሎይድ ከሆነ እጅዎ ላይ ይቀጣጠላል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ የእርስዎ ፍሬም ባይሆንም ወደፊት ያጋጥምዎታል። ኦፕቲል ይባላል። ኦስትሪያዊው ቪልሄልም አንገር በ1960ዎቹ ያወጣው ቀላል ፕላስቲክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ክንዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በደንብ ሲሞቅ ወደ ተሠራበት ቅርጽ ራሱ ይመለሳል። ሳይሞቅ ሊያጥፉት ከሞከሩ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

አሁን ወደ ሻጩ ቃል እንምጣ። «አንድም ሰው አላደረገውም» ማለት አዲስ ነው ማለት አይደለም። ፕላስቲክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። አሴቴት ሲሠራ እንዳይደርቅ የሚያለሰልስ ነገር ይጨመርበታል፤ ያ ማለስለሻ ከዓመት ዓመት እየወጣ ይሄዳል። ፍሬሙም ይሰባበራል፣ አንዳንዴም ይኮማተራል። ሴሉሎይድ ደግሞ ሲበላሽ ናይትሪክ አሲድ የሚፈጥር ጋዝ ያወጣል። እንደ እውነቱ ከሆነ አንድ ሰው በጥንቃቄ ሲያደርገው የኖረ ፍሬም፣ ሙቅ ጣሪያ ሥር በታሸገ ላስቲክ ተጠቅልሎ 50 ዓመት ከተኛ «አዲስ» ፍሬም ይሻላል። ዋጋው ላይ ግን ሁልጊዜ የሚጨመረው ለሁለተኛው ነው።

አረንጓዴው ነገር ደግሞ ሻጩ የነገሩዎትን ነገር እንድጠራጠር አድርጎኛል። ማጠፊያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት መዳብ ካለበት ቅይጥ ብረት ነው። የሰው ላብና የቆዳ ቅባት መዳቡን ሲያገኙት አረንጓዴ ዝቃጭ ይሠራሉ። እንዲህ ከሆነ ፍሬሙ ተደርጓል ማለት ነው፤ ነውርም የለበትም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ክፉ ነው። የሚበላሽ ሴሉሎይድ የሚያወጣው አሲድም ብረቱን ይበላዋል። በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። እንደ ሰም ለስላሳ ሆኖ ከተነሳ የላብ ቆሻሻ ነው። እንደ ቅርፊት ደርቆ ከተጣበቀና ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ከቡነነ፣ ወይም እንደ ሸረሪት ድር ደቃቅ ስንጥቅ ካለው፣ ፍሬሙ ከውስጥ እየሞተ ነው። እሱን የሚያድን ባለሙያ የለም። ከሌሎች መነጽሮችዎ ያርቁትና ገንዘብዎን ያስመልሱ።

የላብ ቆሻሻ ከሆነ ማጽዳቱ ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ማጠፊያውን ከፍተው ይቦርሹ፤ ስርጉድ ውስጥ የገባውን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ያውጡ። ዘፍዝፈው አይተዉት። ያጥቡ፣ ወዲያው ያድርቁ። አልኮል፣ ሳኒታይዘር፣ የመስኮት ማጽጃ፣ በረኪና አያስነኩት። ሌላ ሰው ያደረገው መነጽር ስለሆነ «በደንብ ላጽዳው» የሚል ስጋት ይገባኛል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል። አፍንጫ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ማረፊያዎች ካሉት እነሱን ግን ባዲስ ያስቀይሩ፤ ርካሽ ናቸው፣ ቆሻሻ የሚሰበሰበውም እነሱ ላይ ነው።

ነጩን ጉም በውሃ ይፈትኑት። ጣትዎን አርጥበው ያሳልፉበት። ሲረጥብ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ችግሩ ላዩ ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ፣ ላብና የፊት ቅባት የሚያመጡት ነው፤ ባለሙያ በመወልወያ ማሽን ያነሳዋል። ሲረጥብም ካልጠፋ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አብሮት መኖር ነው። ከማስወልወልዎ በፊት ለባለሙያው የሽታውን ነገር መንገር አይርሱ። ማሽኑ ያሞቃል፣ ደቃቅ ብናኝም ያወጣል። የሴሉሎይድ ብናኝ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። መወልወል ከላይ ስስ ሽፋን መፋቅ ስለሆነም ደጋግሞ አይደረግም።

ይጠበኛል ያሉት የት ቦታ ላይ ነው? ይህን አልነገሩኝም፤ መልሱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ከጆሮዎ በላይ ጎንና ጎን ከያዘዎት ባለሙያ አሙቆ ክንዶቹን ጥቂት ሚሊ ሜትር ያስፋቸዋል። አፍንጫዎን ከቆነጠጠዎት ነገሩ ይከብዳል። የፕላስቲክ ፍሬም መሃል አይሰፋም፤ በሞረድ መፋቅ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ያሳሳዋል። በአንጻሩ ሰፍቶ የሚንሸራተት ከሆነ ሁለት ትንንሽ ማረፊያ ማስለጠፍ ይቻላል። የፊቱ ስፋት በጠቅላላ ካነሰዎት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። ብዙ የድሮ ፍሬሞች ከዛሬዎቹ ያንሳሉና ይህ ሁሌም የሚያጋጥም ነገር ነው።

ትንሽነቱ ግን ለእርስዎ ቁጥር በረከት ነው። ሰዎች ቁጥሬ ከፍ ያለ ስለሆነ የድሮ ፍሬም አይሆነኝም ሲሉ እሰማለሁ። የተገላቢጦሽ ነው። የማይነስ ሌንስ መሃሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ነው። ከመሃሉ በራቁ ቁጥር ይወፍራል። ፍሬሙ ውስጥ በኩል ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያገኛሉ፤ ለምሳሌ 46 እና 22። የመጀመሪያው የአንዱ ሌንስ ወርድ ነው፤ ሁለተኛው በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ርቀት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ሲደመሩ 68 ይሆናሉ። በሁለቱ የዓይን ብሌኖችዎ መካከል ያለው ርቀት 64 ነው እንበል። ልዩነቱ 4 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓይን 2። ይህም ማለት ዓይንዎ ከሌንሱ መሃል 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። በ−5 ቁጥር፣ በተራው የፕላስቲክ ሌንስ፣ ወደ ጆሮ ያለው ዳር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አሁን ፍሬሙ 54 እና 18 ነው እንበል። ድምሩ 72፣ ለእያንዳንዱ ዓይን 4 ሚሊ ሜትር። ያው ቁጥር፣ ያው ሌንስ፣ ዳሩ ግን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ትንሽና ከዓይንዎ ርቀት ጋር የሚቀራረብ ፍሬም ከውድ ሌንስ በላይ ይሠራል። በትንሹ ፍሬም ላይ 1.6 የሚባለውን ቀጠን ያለ ሌንስ ቢያዙ ዳሩ ወደ 4 ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ መክፈል አያስፈልግዎትም። ቅርብም ሩቅም የሚያሳይ ባለ ብዙ ቁጥር ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ግን ቁመቱንም ይለኩ። የሌንሱ ከፍታ ከ28 ሚሊ ሜትር ያህል ካነሰ የማንበቢያው ክፍል ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል።

ከፍሬሙ ጋር የመጣውን ሌንስ ማድረግ አይገባም። ወይ ማሳያ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው ቁጥር ነው። የድሮ ከሆነ ደግሞ ተራ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል፤ ሲሰበር ስባሪው ዓይን ውስጥ ይገባል። አሜሪካ የመነጽር ሌንስ ምት እንዲችል ያስገደደችው ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። የድሮ የፀሐይ መነጽርም እንዲሁ ነው። መጥቆሩ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላል ማለት አይደለም። እንዲያውም ጨለማ ሲሆን የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ሌንሱ ጨረሩን የማይከለክል ከሆነ የሚገባው ይብሳል። የመነጽር ቤት መለኪያ ካለው ያስለኩት፤ ካልሆነ ዩቪ 400 የሚባል፣ ጨረሩን የሚከለክል አዲስ ሌንስ ያስገቡበት።

ቀጣዩን ፍሬም ሲገዙ የሚያዩት ነገር ብዙ አይደለም። በእጅ የሚገዙ ከሆነ ፍሬሙን ክንዶቹን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት፤ ከነቃነቀ ጠሟል። ይህ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ስንጥቅ ነው። መሃሉንና የማጠፊያውን ዙሪያ ወደ ብርሃን አድርገው ይመልከቱ። የድሮ ማጠፊያ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት በሚታዩ ሁለት ትንንሽ ምስማሮች የተያዘ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነሱ ሥር ነው። መሃሉ ተሰብሮ የተጣበቀ ፍሬም በነጻ ቢሰጥዎትም አይያዙት። ሌንስ ሲገባበት እንደገና እዚያው ይሰበራል። ማጠፊያው የላላው በብሎኑ ከሆነ ግን አይስጉ። ብሎን ይቀየራል።

በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። የፊቱን ሙሉ ስፋት ከሚመችዎ መነጽር ጋር ያወዳድሩ። የክንዱ ርዝመት በኢንች ተጽፎ ካገኙ አይደናገሩ፤ 5 ተኩል ወደ 140 ሚሊ ሜትር፣ 5 ከሦስት ሩብ ደግሞ ወደ 146 ነው። ሻጭን «እባክዎ አሽትተው ይንገሩኝ» ማለት ያሳፍራል ብለውም አይተዉት። እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ። የሚስቁ አሉ፤ መልስ የማይሰጡ ደግሞ አሉ፣ ከእነሱ አልገዛም።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ሲኢ (CE) የሚለው የአውሮፓ ምልክት ከ1990ዎቹ በፊት በመነጽር ላይ አይገኝም። «የ1960ዎቹ ነው» የተባለ ፍሬም ክንድ ላይ ካዩት ተዉት። ሬይባን የሚባለውን መነጽር የአሜሪካው ኩባንያ ባውሽ ኤንድ ሎምብ ሲሠራ ኖሮ በ1999 ለጣሊያኑ ሉክሶቲካ ሸጦታል፤ ስለዚህ ጣሊያን የተሠራ ተብሎ የአሜሪካ የድሮ ዕቃ ዋጋ የሚጠየቅበት ነገር አይዋጥም። ከዚያ በላይ የሐሰተኛን ዕቃ ነገር እዚህ አልዘረዝርም፤ አንድ ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ ራሱ ያሳስታል።

ብረት ከፈለጉ በወርቅ የተለበጡት የድሮ ፍሬሞች ግሩም ናቸው። ክንዱ ላይ 1/10፣ 12 ካራት፣ ጂኤፍ (GF፣ በወርቅ የተለበጠ ማለት ነው) የሚል ካለ የወርቁ ድርብ ከተራ ቅብ እጅግ ይወፍራል። ግን ቆዳዎ ኒኬል የማይወድ ከሆነ ይጠንቀቁ። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ የሚነኩ ዕቃዎች የሚለቁትን ኒኬል የገደበው በ1994 በወጣ መመሪያ ነው፤ የድሮዎቹ ይህን አያውቁም። የኒኬል መፈተሻ ፈሳሽ ይሸጣል። ጥጥ ነክረው ሲያሹት ጥጡ ሮዝ ከሆነ ኒኬል አለው። የእውነተኛ የባሕር ኤሊ ቅርፊት ግን ጭራሽ አይግዙ። ቅርፊቱ የሚገኘው ሃውክስቢል ከሚባለው ኤሊ ነው፤ በ1977 ዓለም አቀፍ ንግዱ ተከልክሏል። ጉምሩክ ላይ ይወረስብዎታል። ማስታወቂያ ላይ «ኤሊ» የሚባለው ቡናማ ዝንጉርጉር ፍሬም አብዛኛው አሴቴት ነው፤ እሱ ችግር የለውም።

አያያዙ ደግሞ እንዲህ ነው። በሁለት እጅ ያድርጉት፣ በሁለት እጅ ያውልቁት። አናትዎ ላይ አይስቀሉት፤ ይሰፋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። የፀጉር ስፕሬይና የፀሐይ ቅባት መጀመሪያ፣ መነጽር በኋላ። ብሎኑ እንዳይፈታ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርግበት የሚሉ አሉ፤ እሱም ውስጡ አሴቴት የሚበላ ፈሳሽ አለበት፤ ይቅርብዎ። ሱፐር ግሉም እንደዚሁ። ዙሪያውን ያነጣዋል፣ በኋላ በትክክል ለመጠገን ለሚሞክር ሰውም እንቅፋት ይሆናል። ሲያስቀምጡት አየር በሚያገኝ ማኅደር እንጂ በታሸገ ላስቲክ አይሁን። ሴሉሎይድ ከሆነ ለብቻው ያስቀምጡት። ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከሻማም ይራቅ።

የእኔ ምክር ይኼ ነው። በየቀኑ የሚያደርጉት ከሆነ አሴቴት ወይም ብረት ይግዙ፤ ሴሉሎይድን ለሰብሳቢዎች ይተዉላቸው። አሁን በእጅዎ ያለውን ዛሬውኑ ያሽትቱት፣ ማጠፊያውን ይመርምሩ። የካምፎር ሽታና ስንጥቅ አንድ ላይ ካገኙ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት። አሴቴት ከሆነ፣ ስንጥቅ ከሌለው፣ አፍንጫዎንም ካልቆነጠጠ ጥሩ ዕቃ ነው። አጥበው ወደ መነጽር ባለሙያ ይውሰዱት፤ መጀመሪያ ክንዶቹ ይስፉ፣ ከዚያ ይወልወል፣ ሌንስ መጨረሻ ላይ ይታዘዝ። በማስተካከሉ ጊዜ የሚሰበር ከሆነ የሌንስ ገንዘብዎ አብሮ እንዳይሄድ ነው። ለባለሙያው ሌንሱን በጥቂቱ አሳንሶ እንዲቆርጠው ይንገሩት፤ ያረጀ ፍሬም ተወጥሮ ሲገባበት ይሰነጠቃል። ማንም ባለሙያ አይሰበርም ብሎ ሊምልልዎ አይችልም። ስለዚህ ቢሰበር ሌንሱን ማን እንደሚከፍል ሥራው ሳይጀመር ይስማሙ፣ ደረሰኙ ላይም ያስጽፉት።